ከቱሊ ጉሌድ ባሻገር የሌለችው መንደር

አባቴ የሥራ ዘመኑን ሁሉ የውሃ ቦቴ ነድቷል። ድሬዳዋ ላይ ይሞላና የባቡሩን መስመር ተከትሎ እስከ አፍደም፣ አንዳንዴም ከአፍደም ወዲያ ዝናብ ለዘገየባቸው መንደሮች ያደርስ ነበር። የእሱን ሥራ ለማንም ማስረዳት ቀላል ነው። "ውሃ ያመጣል" ብትሉ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። የእኔን ግን፣ ፍልስፍና ተምሬ ጅግጅጋ ኮሌጅ ገብቼ ሎጂክና ሥነ ምግባር ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ፣ ለጓደኞቹ ማስረዳት አቅቶት ቀረ። "ልጅህ ምን ትሠራለች?" ሲሉት "መምህር ናት" ይላል። "የምን?" ሲሉት ጭንቅላቱን ያክና "የማሰብ" ይላል። "ሰው ማሰብ ደግሞ ይማራል እንዴ!" ብለው ይስቃሉ። አብሯቸው ይስቅና ቤት ሲገባ ይደውልልኛል።

"አቦ ልጄ፣ አንድ በቀላሉ የሚነገር ነገር ስጪኝ እንጂ! ሰው ፊት አታሳጪኝ።"

እኔም እሰጠዋለሁ። "ፍልስፍና ማለት አባዬ፣ የዕውቀትን፣ የህላዌንና የእሴትን መሠረታዊ ጥያቄዎች በአመክንዮ መመርመር ነው።"

"ጤናሽስ ደህና ነው?" ይለኛል ከዚያ።

ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። በእሱ አልናደድም፤ በራሴ ነው። እኔ በቦቴ ውሃ ገንዘብ ያደግኩ፣ የተማርኩ ልጅ ነኝ። የተማርኩትን ለዚያ ሰው ማስረዳት ካልቻልኩ ምኑን ተማርኩት? የሰው ልጅ ሁሉ የሚጨነቅበትን ጥያቄ ይዤ፣ ከክፍሌ ውጭ አንድ ሰው እንኳ እንዲጨነቅበት ማድረግ አልቻልኩም። ክፍል ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ የሚጨነቁት ለፈተናው ነው።

በዚህ እልህ ተነሥቼ ነው የከተማውን የወጣቶች ማዕከል የቅዳሜ ከሰዓት ሰዓት እንዲሰጠኝ የጠየቅኩት። ወረርሽኙ ሰውን ከሰው ከማራቁ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ኃላፊው ደግ ወጣት ነበርና አዳራሹን ፈቀደልኝ። በር ላይ "ፍልስፍና ለሁሉም" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ወረቀቱን የጅግጅጋ ነፋስ በማግስቱ ወሰደው፤ እኔ ግን በልቤ ሁሉም አንብቦታል ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛው ሲሆን እሱ ድሮም እዚያው ነው። ሌላው ቢሮ ውስጥ በአስተርጓሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈራቸው መብራት ጠፍቶ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ነበር የመጡት። አዴር እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አዴር ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ስለ "ግዴታ ተኮር" እና "ውጤት ተኮር" ሥነ ምግባር የተናገርኩትን በትዕግሥት አዳመጡኝ። ስጨርስ ስልካቸውን ነቀሉ።

"ሞልቷል" አሉ።

"ትምህርቱስ አዴር?"

"እሱ አልሞላም" አሉና በትሕትና ሰላም ብለውኝ ሄዱ።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እየደወለ "ሰው መጣ?" ይለኛል። እኔም "አንድ ሽማግሌና አንድ ጥበቃ" እለዋለሁ። በመጨረሻ ኃላፊው በር ላይ ጠበቀኝ።

"ማአሊማ፣ አትቀየሚኝ" አለኝ። መምህርት ማለቱ ነው። "የመንጃ ፈቃድ ሠልጣኞች አዳራሽ እየለመኑኝ ነው፤ ብዙ ናቸው፤ ሜዳ ላይ ቆመው ነው የሚማሩት። የሚመጣው ቅዳሜም ሰው ከሌለ ሰዓቱን ለእነሱ እሰጣለሁ።"

ለአባቴ ነገርኩት። እንዲያዝንልኝ ፈልጌ ነበር።

"ማን ነው የሚወስደው አልሽ?"

"መንጃ ፈቃድ።"

ትንሽ አሰበ። "እሱማ ጠቃሚ ነገር ነው" አለ።

አልቅሼ ነበር፤ ግን ሳቄም መጣ። በማግስቱ ልቅሶዬንም ሳቄንም ይዤ አከራዬ ሱቅ ሄድኩ። አከራዬን ኤዶ እላቸዋለሁ፤ እሱም አክስቴ እንደማለት ነው። ገበያ ውስጥ የሴት ልብስ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከአሱር ሰላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የወተት ሻይ ይዘው ሱቃቸው ደፍ ላይ ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ብሶቱን ይዞ ይመጣል።

"ቆይ እስቲ፣ ይሄ ሰው የማይሰማሽ ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ህላዌ ላይ ስደርስ አዛጉ።

በዚህ መሀል አንዲት ደንበኛ ገባች። ኤዶ ምንም ሳይሉ ተነሡ። ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አወረዱና በአንድ እጃቸው ወርወር ሲያደርጉት ጨርቁ አየር ላይ ተዘረጋ። ሴትየዋ ትከሻ ላይ ጣሉት፣ ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዷትና መስታወቱ ፊት አቆሟት። ከዚያም ዝም አሉ። ሴትየዋ ወደ ቀኝ ዞር አለች፣ ወደ ግራ ዞር አለች፣ ፈገግ አለች። ዋጋውን የጠየቀችው ራሷ ናት።

ሴትየዋ ስትሄድ ኤዶ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። "አየሽ? ስሙን ነገርኳት? ከምን እንደተሠራ ነገርኳት? የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ነገርኳት?"

"አልነገሯትም።"

"ተጠቅልሎ እያለማ ጨርቅ ሁሉ እንጨት ነው። አንቺ ጥቅሉን በብብትሽ ይዘሽ ስሙን ትጮሂያለሽ። ዘርጊው! ብርሃን ላይ አውጪው! ከዚያ ዝም በይ።"

"ሐሳብ እንዴት ይዘረጋል ኤዶ?"

"እኛ በወሬ ነው የምንዘረጋው" አሉ። "ከሩቅ የመጣ ሰው ይቀመጣል፤ ሰላም ነው ወይ ይባላል፤ ዝናቡስ፣ ግጦሹስ፣ መንገዱስ ይባላል፤ ከዚያ 'ወረን' እንለዋለን፤ ወሬህን አውርድ ማለት ነው። ወሬ የያዘ ሰው ሲናገር ማንም ተነሥቶ አይሄድም። ሻዩ ቢቀዘቅዝም አይሄድም።"

"ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" የሚለውን ተረት ከትምህርት ቤት ጀምሮ እያልኩት ነው የኖርኩት። ጅግጅጋ ላይ ጠጁን በወተት ሻይ ከመለወጥ በቀር የኤዶም ምክር ያው ነበር። እኔ ውበትን እንደ ስኳር ነበር የማየው፤ መራራውን መድኃኒት ሕፃን እንዲውጠው የሚጨመር ነገር። ለኤዶ ግን ጨርቁን መዘርጋት ማታለያ አልነበረም። ካልተዘረጋ ጨርቁ ራሱ አይታይም።

ያን ሳምንት ግዴታና ውጤት የሚሉትን ቃላት ከአፌ አውጥቼ ጣልኩ። ከሥራቸው ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለአንድ ሰው የገባነው ቃልና የብዙ ሰው ችግር ሲጋጩ የቱን እናስቀድም? ለዚህ ሥዕል ፈለግኩለት። የቦቴ ሹፌር ልጅ ሌላ ምን ሥዕል ይመጣላታል? ቦቴ መረጥኩ። ክፍሌ ውስጥ ለግድግዳው እየደጋገምኩ ተለማመድኩት።

ቅዳሜ ዕለት ኤዶ የገበያ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። አዴርም ስላሳዘንኳቸው መሰለኝ አብረዋቸው ሻይ የሚጠጡትን ሰዎች እየጎተቱ መጡ። አዳራሹ አልሞላም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የወንበሮቹ አቧራ ተጠረገ። እኔ ደብተሬን ትቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"ማ ነበድ ባ?" አልኩ። ሰላም ነው?

"ዋ ነበድ!" አሉ ባንድ ድምፅ። "ወረን!"

"ወሬው ከቱሊ ጉሌድ ባሻገር ነው" አልኩ። "ዝናቡ አልመጣም። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ቢርካዎች ደርቀው የታችኛው ጭቃቸው ተሰነጣጥቋል። አንድ ቦቴ በዚያ እየሄደ ነው። መንገድ ላይ ሲያፈስ መጥቶ የቀረው ውሃ የሚበቃው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። በስተቀኝ መንደር አለ፤ ልጆቹ ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው የመኪና ድምፅ ያዳምጣሉ። በስተግራ አንዲት አሮጊት ብቻዋን አለች። ሹፌሩ ባለፈው ሲያልፍ 'በሚቀጥለው መጀመሪያ ወደ አንቺ ነው የምመጣው' ብሎ ቃል ገብቶላታል። ሌሎቹ ሲሰደዱ እሷ ቃሉን አምና ቀረች። አሁን ሹፌሩ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል።"

እዚህ ላይ ልክ እንደ ኤዶ ዝም አልኩ። ነፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። ሁሉም ፊታቸው ተለውጧል። በሕይወቴ እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም፤ ደስታው አናቴ ላይ ወጣ።

"ታዲያ ወዴት ይሂድ?" አልኩ።

ወደ ቀኝ ያለ የለም። ወደ ግራም ያለ የለም። ከአዴር ጋር የመጣ አንድ ወፍራም ነጋዴ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"አማቼ ቦቴ አለው" አለና መደወል ጀመረ።

ጉድ ፈላ። አንዷ ሴት ባሏ ዘንድ ደወለች። ኤዶ "አሮጊቷን እኔ ቤት አምጧት፣ ክፍል አለኝ!" እያሉ ይጮኻሉ። ክፍሉ የእኔ ነው፤ ከእኔ ጋር ሊያሳድሯት ነው። አዴር "ከቱሊ ጉሌድ በየት በኩል ነው? አስፋልቱን ለቅቀሽ ወደ አውበሬ ነው ወይስ ወዲህ?" ይሉኛል።

"ቆዩ! ቆዩ! ያለው አንድ ቦቴ ብቻ ነው!" አልኩ።

"ለምን አንድ ይሆናል?" አለ ነጋዴው።

"ጥያቄው እንደዚያ ስለሆነ!"

"ማን ነው እንደዚያ ያደረገው?"

"እኔ!"

"ታዲያ ሁለት ብታደርጊው ምን ነበረበት? ደግ ሰው ትመስይኝ ነበር" አለኝ ከልቡ አዝኖ።

ወንበር ላይ ወጣሁ። "ወገኖቼ! መንደሯ የለችም! ሹፌሩም የለም! አሮጊቷም የለችም! ምሳሌ ነው!"

ነጋዴው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ አፈጠጠብኝ። በሩ ላይ ኃላፊው ቆሟል፤ ከኋላው ተራቸውን የሚጠብቁ የመንጃ ፈቃድ ሠልጣኞች አንገታቸውን አስግገዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሥነ ምግባር አስተማሪዋ ያን ሁሉ ሰው ዋሽታ ወንበር ላይ ቆማለች።

አዴር ቀስ ብለው ተነሡ። "የለችም ትያለሽ?"

"የለችም አዴር። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

"ዝናቡ ግን ዘግይቷል። እሱን አልፈጠርሽውም።"

"አልፈጠርኩትም።"

"እንግዲህ ከቱሊ ጉሌድ ባሻገር ውሃ የሚጠብቅ መንደር እንደሌለ በምን አወቅሽ?"

ሎጂክ አስተምራለሁ። የሌለን ነገር አለመኖር ማረጋገጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። "አላወቅኩም" አልኩ።

"ሃዬ" አሉ አዴር፤ እሺ ማለት ነው። ወደ ነጋዴው ዞሩና "ቀጥል፣ ደውል" አሉት።

ቦቴው ሄደ። ከቱሊ ጉሌድ ባሻገር ልጆች ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁበት መንደር ነበር። ነጋዴው ራሱ አብሮ ሄዶ ስለነበር፣ መንደሩን ማግኘት ከበዳችሁ ወይ ብዬ ስጠይቀው እንደ ሞኝ አየኝ። "የቱን?" አለኝ። "ብዙ ናቸው እኮ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ግጥም አለ። ኃላፊው ወንበር ከሌላ ክፍል ያሸክም ጀመር። ሰው የመጣው ለፍልስፍና አልነበረም፤ የቦቴውን ወሬ ሊሰማ ነው። ነጋዴው ተነሥቶ ወረን ተባለና ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ መንገዱን በየተራ አወረደ። ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለ። "እኛም መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። በሁለቱም በኩል ሰው አለ። ውሃው ለሁለቱም አይበቃም። አማቼ ሞተሩን አጠፋና እኔን አየኝ። ማአሊማ ባለፈው ለምን አንድ ብቻ እንዳደረገችው ያኔ ገባኝ።"

ከዚያ በኋላ እኔ ብዙም አልተናገርኩም፤ አላስፈለገም። ኤዶ "ቃል የተገባለት ይቀድማል፤ ቃል ከጠፋ ነገ ማን ማንን አምኖ ይቀመጣል?" አሉ። አዴር "የልጆቹ ጥማት ማን ለማን ቃል እንደገባ አያውቅም" ብለው መለሱ። ኤዶ ተቆጡ፣ አዴር ሳቁ፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ከመንጃ ፈቃድ ሠልጣኞቹ አንዱ እጁን አውጥቶ "ሹፌሩ ስልክ የለውም እንዴ?" ብሎ ጠየቀና ሁሉም ጮኸበት። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ክርክር ሁሉ አንድም ከባድ ቃል ሳይነሣ ፊቴ ተዘረጋ። ኃላፊው ሠልጣኞቹን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወራቸውና ሰዓቱ የእኔ ሆኖ ቀረ።

ማታ አባቴ ደወለ። "ሰው መጣ?"

"መቀመጫ ጠፋ አባዬ!"

ሁሉንም ነገርኩት። አማቼ ቦቴ አለው የሚለው ላይ ስደርስ እስኪያስለው ሳቀ፤ ወንበር ላይ መውጣቴን አስደገመኝ። ከዚያ "ቆይ እስቲ፣ ጥያቄውን እንደገና በይልኝ" አለ።

አልኩለት። በስተቀኝ መንደር። በስተግራ ቃል የተገባላት አሮጊት። ውሃው ለአንድ ቦታ።

ጤናሽስ ደህና ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እኔ ወደ ቀኝ ነው የሄድኩት" አለ።

"የት ነው የሄድከው?"

"ከአፍደም ወዲያ። አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ሴትዮ ነበረች፤ ሳልፍ ሻይ ታፈላልኝ ነበር። በሚቀጥለው መጀመሪያ ወደ አንቺ አልኳት። ስመለስ መንደሩ ብሶበት አገኘሁት፤ ወደ መንደሩ ሄድኩ። ሌላ ቀን ወደ እሷ ስሄድ ቤቷ የለም። ጉልቻው ብቻ ቀርቷል። እና ይሄን ነው የምታስተምሪው?"

"አዎ አባዬ። ይሄን ነው።"

"ታዲያ ህላዌ ምናምን እያልሽ ምን አደከመሽ! ይሄንንማ ይዤው ነው የኖርኩት!"

ስንት ዓመት ስመኘው የነበረ ነገር ነው፤ ሥራዬ ለአባቴ ገባው። ግን ደስታዬ ከሐዘን ጋር ተደባለቀብኝ። አባቴ ይህን ተሸክሞ ሲኖር፣ እኔ ልጁ ስለ ሰው ልጅ የምርጫ ጭንቀት መጽሐፍ ሳገላብጥ ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

"ቅዳሜ ለሰዎቹ አንተው ንገራቸው" አልኩት።

ቅዳሜ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "የዛሬው ወሬ ከድሬዳዋ ነው" አልኩ። አዴር ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው "ማ ነበድ ባ?" ሲሉ አባቴ በቦቴ ሹፌር ሶማሊኛው "ዋ ነበድ!" ብሎ መለሰ። አዳራሹ በሳቅ ተቀበለው። ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የድሬዳዋን ሙቀት አወረደ። ከዚያ ስለ ሴትየዋ ነገራቸው። ጉልቻው ላይ ሲደርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ኤዶ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው መጡ። "ወንድሜ፣ የቤቱ እንጨትስ?"

"የለም።"

"ምንጣፉስ?"

"ምንም አልነበረም። ቦታው ጥርግ ብሏል።"

"ተሰባብሮ፣ ተበትኖ የቀረ ነገር አላየህም?"

"አላየሁም እህቴ። ጉልቻው ብቻ።"

ኤዶ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ሲዘረጉ የማየው ፊት ነው። "የእኛን የእንጨትና የምንጣፍ ቤት ነቅሎ፣ ጠቅልሎ፣ ጭኖ መሄድ አሮጊት ብቻዋን የምትችለው ሥራ አይደለም" አሉ። "ያለ ግመልም አይሄድም። ቤቱ ከሄደ ግመል መጥቷል። ግመል ከመጣ ሰው መጥቷል። ለሞት የተጣለች ሴት ቤቷ ላይዋ ላይ ይፈርሳል እንጂ ምንጣፏ አይጠቀለልም። ልጆቿ መጥተው ወስደዋታል ወንድሜ።"

"ዋ ሩን!" አሉ ከኋላ ያሉት ሴቶች። እውነት ነው።

"አባዬ?" አልኩ። የወንበር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ከስልኩ ራቅ ብሎ ወደ ጓዳ ሲጮህ ሰማነው።

"አንቺ! ስሚ! ግመል መጥቶላታል!"

"ለማን?" አለች እናቴ ከጓዳ። "ለአፍደሟ?"

"ለአፍደሟ!"

"እሰይ! እሰይ!" አለች እናቴ። "በል እንግዲህ ዛሬ እንቅልፍህን ተኛ።"

ኤዶ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አዳራሹ ውስጥ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ስልኩን አልዘጋሁትም።